ድርሰት እንዲያስተምር የተጠየቀ መምህር

በ2014 ዓ.ም. ተሞክሮ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ በአብዛኛው በእርከኑና በፈተናው ላይ ነው፦ የቀድሞው ስምንት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስትና ሁለት ሆኖ መከፈሉ፣ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መቅረቱ፣ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና መምጣቱ። ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ለውጥ ደግሞ በጽሕፈት ትምህርት ላይ የመጣው ነው። ጎንደር ከተማ፣ ዳባት ወይም ደባርቅ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር የአማርኛ መምህር ዛሬ የሚጠበቅበት ተማሪው ሐሳቡን በቢጋር እንዲያሰናዳ፣ ረቂቅ እንዲጽፍ፣ ረቂቁን ከጓደኛው ጋር ተለዋውጦ እንዲያይ፣ ከዚያም አሻሽሎ እንደገና እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ለውጡን እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ መምህሩ በዚህ ጉዳይ ብቻውን መተዉ ነው።

መምህሩ ራሱ ሲማር ያየው ሌላ ነበር። በልጅነቱ ጽሕፈት ማለት በመጀመሪያ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ መስመር ሳይለቁ፣ ፊደሉን አሳምረው ከሰሌዳ መገልበጥ። ቀጥሎ ቃለ ጽሕፈት ይመጣል፤ መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ስሕተት ይቆጠራል። ድርሰት የሚደረስበት ከፍ ካሉ በኋላ ነው። ያውም "የትምህርት ጥቅም" ወይም "ውኃ ለሰው ልጅ" የሚል ርእስ ተሰጥቶ፣ ቤት ተሠርቶ መጥቶ፣ ከዐሥር ታርሞ ይመለሳል፤ ከተመለሰ በኋላ ማንም አያየውም። በዚህ መሐል ተማሪው መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ የሚሉትን በቃሉ ይዟል፤ ኃይለ ቃል ምን እንደሆነ ትርጓሜውን ደብተሩ ላይ ጽፏል፤ የድርሰት ዓይነቶች ተራኪ፣ ገላጭ፣ ሥዕላዊና አመዛዛኝ ናቸው ብሎ ለፈተና ሸምድዷል። ስለ ድርሰት ብዙ ያውቃል፣ የጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከ10ኛ ክፍል በኋላ መምህራን ኮሌጅ ገብቶ ሦስት ዓመት ተምሮ በዲፕሎማ ሲመረቅም፣ የራሱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አሻሽሎ እንዲያቀርብ የጠየቀው ሰው ያጋጠመው ዕድለኛው ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ላይም ነገሩ የተሻለ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የመጻፊያው ልምምድ በስክሪኑ ላይ ባለችው መምህርት ሰዓት የሚመራ ሆነ። የተወሰነ ጊዜ ሰጥታ መልሱን አሳይታ ታልፋለች። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ቢፈልግም ሊያስቆማት አይችልም፤ ተማሪው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሄዳል። ዛሬ ከሚያስተምሩት ወጣት መምህራን ብዙዎቹ በዚያ ስክሪን ሥር የተማሩ ናቸው።

ረቂቅና ማሻሻልን የሚጠይቀው አዲሱ መለኪያ ድንገት የመጣ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ 2ኛና 3ኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ የማይችሉ በጣም ብዙ ልጆች መኖራቸውን አሳየ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት፣ በዩኤስኤይድ፣ ድጋፍ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አዳዲስ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች ተዘጋጁ። በእነዚህ መጻሕፍት ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ በየምዕራፉ የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። የ2015ቱ መጻሕፍት ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። ያኔ ለሥልጠናው ገንዘብ ነበረ፤ ድርጅቱ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ መምህሩን እንረዳው ስንል የውጭ ገንዘብ ሳንጠብቅ፣ ባለው ትምህርት ቤት፣ ባለው ሰሌዳና ጠመኔ ምን ይደረጋል ብለን መጠየቅ አለብን።

አንድ ምሳሌ ቀርበን እንይ። የዳባት አካባቢ የ6ኛ ክፍል ተማሪ "ያጋጠመኝ ነገር" በሚል ርእስ ይህን አንቀጽ ጻፈች እንበል፤ አንቀጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ግን መምህራን በየደብተሩ ያዩታል።

"ባለፈው ክረምት በረዶ ጣለ ገብሳችን ተመታ አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ ዝም አለ እናቴ ግን ከብቶቹ ይለቀቁበት አለች እኔ ከብቶቹን ሳስገባ አዘንኩ ምክንያቱም ገብሱ አረንጓዴ ነበር ሠው ሊበላው የነበረውን ከብት በላው ስለዚህ ሁሉም ሠው ጠንክሮ መስራት አለበት።"

በቀድሞው ልማድ ይህ አንቀጽ ከዐሥር አራት ያገኛል። አራት ነጥብ ያለው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ የለም፤ "ሠው" ሁለት ጊዜ ተከቦ ይመለሳል። ልጅቷ ደብተሩን ስትቀበል የምታየው ቀይ ክብና ቁጥር ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የምትማረው ደግሞ ባጭሩ መጻፍን ነው፣ ባጠረ ቁጥር ስሕተቱ ይቀንሳልና።

አዲሱ መለኪያ መምህሩ በመጀመሪያ ሌላ ነገር እንዲያይ ይጠይቀዋል። ይህች ልጅ የምትናገረው ነገር አላት። የአባትየው ዝምታና የእናትየው ውሳኔ ጎን ለጎን ቆመዋል። አረንጓዴውን ገብስ ከብት ሲበላው ማየት ለምን እንዳሳዘናት በራሷ ቃል ነግራናለች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ውስጥ አልወጣም፤ ድርሰት በምክር ይዘጋል ተብሎ ስለተነገራት የተለጠፈ ነው። በረዶ የመታው ማሳ ጠንክሮ ካለመሥራት ጋር ምን ያገናኘዋል? አባቷ ሰነፍ ነበር ማለቷ ነው? እንደዚያ ማለቷ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ጎበዝ መምህር ደብተሩ ጠርዝ ላይ "አባትሽ ዝም ሲል አንቺ ምን መሰለሽ?" ብሎ አንድ ጥያቄ ይጽፋል፤ ሥርዓተ ነጥቡን በሚመለከት ደግሞ "ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ትንፋሽሽ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ" ይላታል። ሁለተኛው ረቂቅ ሲመጣ ልዩነቱ የሚታይ ይሆናል። ይህን ማየትና ይህን መጠየቅ ግን ችሎታ ነው፤ ችሎታውም መመሪያ በማንበብ ብቻ አይገኝም።

በዚያው አንቀጽ ውስጥ ሌላ መምህራንን የሚያነታርክ ነገር አለ። ልጅቷ "ሠው" ብላ በንጉሡ ሠ፣ "መስራት" ብላ በእሳቱ ሰ ጽፋለች። የአብነት ትምህርት ያለፈበት መምህር ሁለቱንም ያርማል፤ በግእዙ ሥር መሠረት የመጀመሪያው በእሳቱ ሰ፣ ሁለተኛው በንጉሡ ሠ መጻፍ ነበረበት። ሌላው ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1973 ዓ.ም. ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ያቀረበውን ሐሳብ ይዞ፣ ከሁለቱ ሰ አንዱ ይበቃል ስለሚል የሚያርመው "ሠው"ን ብቻ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም ዝም ብሎ ያልፋል። ያ ሐሳብ አስገዳጅ ሕግ አልሆነም፤ መጻሕፍትና ጋዜጦችም እስከ ዛሬ በአንድ መንገድ አይጽፉም። ጎንደር ላይ ክርክሩ ይበልጥ ይሞቃል። ከተማይቱ የሊቃውንት አገር ናት፤ ከመምህራኑም መካከል ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ተቀኝተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የመጡ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ፊደል ማፋለስ ሥርወ ቃሉን ማጥፋት ነው፤ አቋማቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን አንድ ተማሪ 5ኛ ክፍል በአንደኛው መምህር ትክክል የተባለውን 6ኛ ክፍል በሌላው መምህር ከተቀጣበት፣ የሚማረው አጻጻፍን ሳይሆን የመምህሩን ጠባይ ነው። መፍትሔው አዲስ አበባ እስኪወስን መጠበቅ አይመስለኝም። አንድ ትምህርት ቤት ያሉት አራት ወይም አምስት የአማርኛ መምህራን ቁጭ ብለው፣ በእኛ ቤት እስከ 6ኛ ክፍል የሞክሼ ፊደል ስሕተት ይነገራል እንጂ ነጥብ አያስቀንስም፣ ከ7ኛ ጀምሮ ግን ይህን ይህን ቃል በዚህ እንጽፋለን ብለው ቢስማሙ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ስምምነቱን ጽፎ መምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

መምህሩ አዲሱን መንገድ ቢወድደውም እንኳ በግልጽ የሚገጥመው ግድግዳ የደብተር ብዛት ነው። አንድ መምህር አራት ክፍል፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ ያስተምራል ብለን እንነሣ። 240 አንቀጽ ይሆናል። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 20 ሰዓት ነው፤ ያውም ለአንድ ረቂቅ። ሁለተኛ ረቂቅ ከተጠየቀ 40 ሰዓት። ዕቅድ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ተከታታይ ምዘና መሙላት አለ፣ ደመወዙ ስለማይበቃው ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ። ስለዚህ መምህሩ ድርሰት በሴሚስተር አንድ ጊዜ ቢሰጥ ሰንፎ አይደለም። በዚህ ስሌት ሁሉንም ደብተር አርሞ የሚዘልቅ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ጎንደር ለራሷ የምትሰጠው መልስ አላት ብዬ አምናለሁ፤ መልሱም ያለው የቅኔ ቤት ውስጥ ነው።

የቅኔ ተማሪ ከትልቁ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚሞክረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው። እሷን ሲያውቅ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ከዚያ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይዘልቃል። መጠኑ የሚያድገው ችሎታው ሲያድግ ነው። በእኛ ክፍል ግን አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያልቻለ ልጅ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት እንዲያመጣ ይታዘዛል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ግን በደንብ የታሰበባቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ መጠየቅ የትምህርት ደረጃ ዝቅ ማድረግ የሚመስለው መምህር ካለ ጉባኤ ቃናን ያስብ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥርዓት ይበልጥ ያስደንቀኛል። ተማሪው ብቻውን ዞር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ይህ ረቂቁ ነው። ከዚያ ይነግራል። የኔታ ደግሞ አንድ ናቸው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ስለዚህ አስነጋሪዎች አሉ፤ ቀደም ብለው የገፉ ተማሪዎች ናቸው፣ የጀማሪውን ቅኔ እየሰሙ ግሱ ያልገጠመውን፣ አገባቡ የተሰበረውን፣ ቤቱ የጎደለውን ይነግሩታል። ጀማሪው አስተካክሎ ይመለሳል። የኔታ የሚሰሙት የተበጠረውን ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያውሉትም አስነጋሪው ሊያየው በማይችለው በምሥጢሩ ላይ ነው። እርማቱ በቃል ነው፣ ወዲያው ነው፣ ተማሪው እዚያው እያለ ነው። ቁጥር አይሰጥም። ቅኔው ካልሞላ "ሂድና ድገመው" ይባላል፤ መድገም እንደ ቅጣት የሚታይበት ቤት አይደለም፣ የዕለት ሥራው እሱ ነውና።

ሌላም አለ። የቅኔ መምህር ራሱ ይቀኛል። ተማሪዎቹን ሰብስቦ በፊታቸው ይዘርፋል፤ ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ እንደሆነ እየፈታ ያሳያቸዋል። የማይቀኝ የቅኔ መምህር የሚባል ነገር የለም። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን በተማሪዎቹ ፊት ሰሌዳ ላይ አንቀጽ ጽፎ፣ መሐል ላይ ሰርዞ፣ "ይህ ቃል አልተመቸኝም፣ ልቀይረው" ሲል የታየ መምህር ስንት ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና ከዚያ በመላ አሜሪካ የተስፋፋው የመምህራን የጽሕፈት ፕሮጀክት የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው ራሱ ይጻፍ፣ መምህርን የሚያሠለጥነውም በክፍሉ የተሳካለት ሌላ መምህር ይሁን የሚል ነው። አሜሪካኖቹ ለዚህ የክረምት ተቋም አቋቋሙ። እኛ ዘንድ ይህ ሥርዓት በየደብሩ ለብዙ ዘመን ኖሯል።

የቅኔ ቤት በሁሉ ነገር አርአያ ይሁን ማለቴ አይደለም። ቆሎ ተማሪው ለምኖ እያደረ የሚማርበት፣ ብዙው መንገድ ላይ የሚቀርበት፣ ሴቶች እጅግ ጥቂት የሆኑበት ቤት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ማንንም መተው አይችልም። የምወስደው የእርማቱን አደረጃጀት ብቻ ነው።

በክፍል ውስጥ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። መምህሩ 240ውን ደብተር አይሰበስብም። ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሰሚዎቹ አንድ ነገር ብቻ ያዳምጣሉ። በዚህ ሳምንት "ያልገባችሁ ቦታ የቱ ነው?" ከሆነ እሱን ብቻ፣ በሚቀጥለው "አራት ነጥብ የት ይግባ?" ከሆነ እሱን ብቻ። መምህሩ እየዞረ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቡድን ያዳምጣል፤ ከየክፍሉ በሳምንት ዐሥር ደብተር ብቻ በተራ ይወስዳል። 40 ደብተር በአምስት ደቂቃ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ ይህ የሚቻል ነው። በስድስት ሳምንት የሁሉም ተራ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪ ቡድን አልነበረም ወይ? ነበረ፤ መምህራን ስሙን ሲሰሙ የሚከፋቸውም በከንቱ አይደለም። የተማሪ አንድ ለአምስት ቡድን ሪፖርት እንዲሞላ፣ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ፣ ለሱፐርቫይዘር እንዲታይ የተደራጀ ነበር፤ ብዙ ቦታ ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ የሚገለብጡበት ሆነ። አስነጋሪ ከቡድን መሪ የሚለየው የሚሰማውን ነገር ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ሥራ ልጆቹን መስማት ማስተማር ነው። "ጥሩ ነው" ማለት እንደማይበቃ፣ "አባትሽ ዝም ያለው ለምን እንደሆነ አልገባኝም" ማለት ግን እንደሚረዳ በሰሌዳ ላይ በአንድ አንቀጽ ደጋግሞ ማሳየት ያስፈልጋል።

ይህን ለመምህራን ማን ያሳያቸው? አደረጃጀቱ በወረቀት አለ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በመምህራን አጠራር ተሙማ፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሰጠው ይጠይቃል። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተደራጅተዋል፤ ጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር አለው። ጎንደር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከተማው ውስጥ ናቸው፤ ለዳባትና ለደባርቅ ደጋ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በየዩኒቨርሲቲው እየሰበሰበ ማሠልጠን ጀምሯል። ያለው ችግር ሰዓቱ የሚያልቅበት ነገር ነው። ተሙማ ብዙ ቦታ ፋይል ሆኗል፤ ዕቅድ ይጻፋል፣ ፖርትፎሊዮ ይሞላል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። ሥልጠናውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ስላይድ የሚያነብበት፣ መምህራን ማስታወሻ የሚይዙበት ነው። ስለ ቡድን ሥራ በገለጻ ማስተማር የፕላዝማውን ስሕተት በሰው ድምፅ መድገም ነው።

ከ60ው ሰዓት 20ው ለጽሕፈት ቢሰጥ ምን ይደረግበታል? ግማሹን መምህራን ራሳቸው ይጻፉበት። የዳባት መምህር ስለ ዳባት፣ የጃናሞራው መንገድ ስላጣበት ክረምት፣ የጎንደሩ ስለ አራዳ ገበያ አንድ አንቀጽ ጽፎ ለአራት ባልደረቦቹ ያንብብና "እዚህ ላይ አልገባኝም" ሲባል ምን እንደሚሰማው ይወቀው። በዚህ ያለፈ ሰው ቀይ እስክርቢቶ አያያዙ ይለወጣል።

ሌላው ግማሽ አብሮ ለማረም ይዋል። መምህራን ስለ አንድ ጽሑፍ ያላቸው ፍርድ ምን ያህል እንደሚራራቅ ብዙዎቻችን አንገምትም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ፖል ዲድሪክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት 300 የተማሪ ድርሰቶች ከተለያየ ሙያ ለመጡ 53 አንባቢዎች ቀርበው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ደረጃ ተሰጣቸው። ከድርሰቶቹ 94 በመቶው ሰባት ወይም ከዚያ በላይ የተለያዩ ደረጃዎች አገኙ፤ 101ዱ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለውን በሙሉ አግኝተዋል። አንባቢዎቹ በዘፈቀደ አልሰጡም። አንዱ ሐሳብ፣ ሌላው ሰዋስው፣ ሌላው አደረጃጀት፣ ሌላው የቃላት ምርጫ ይበልጥበት ስለነበር ነው። የኛም መምህራን ከዚህ የተለዩ አይሆኑም። ስለዚህ የበረዶዋን ልጅ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ስድስት መምህራን ለየብቻቸው ነጥብ ሰጥተው፣ ከዚያ ለምን ሰባት፣ ለምን አራት እንደሰጡ መነጋገር ያስፈልጋል። ፎቶ ኮፒ አያስፈልገውም፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። እንዲህ ያለ ንግግር ሦስት አራት ጊዜ ከተደረገ መለኪያው ከሰነድ ወጥቶ የመምህራኑ የራሳቸው ይሆናል።

የደጋው ሁኔታ የራሱ ክብደት አለው፤ አለመጥቀሱ ደግሞ መምህራኑን መበደል ነው። ዳባትና ደባርቅ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 መግቢያ የሰሜኑ ጦርነት ደጃቸው ደርሷል፤ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት የተፈጸመው የሰላማዊ ሰዎች ግድያ አይረሳም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። የተመለሰው ልጅ በዕድሜው 6ኛ ክፍል ቢቀመጥም የጽሕፈት ልምዱ 4ኛ ክፍል ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወንበር ላይ አንዱ አንቀጽ ይጽፋል፣ ሌላው ፊደል ያደናግረዋል። ለዚህ ክፍል አንድ ወጥ የድርሰት ትእዛዝ አይሠራም፤ ሁለት ቤት ለሚችለው ሁለት ቤት፣ ስምንት ለሚችለው ስምንት መስጠት ግን ይሠራል። ፊደል ያልጸናለት ልጅም ታሪኩን በቃል ተናግሮ ጓደኛው ሊጽፍለት ይችላል፤ ከዚያ ያንኑ ራሱ ይገለብጠዋል። የጽሑፉ ሐሳብ የራሱ ስለሆነ መገልበጡ ከባዶ የሰሌዳ ግልባጭ ይሻላል።

ጎንደር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ ተማሪው የቤት ሥራውን በስልኩ ቻትጂፒቲ አስጽፎ ቢያመጣስ? ለዚህ ረጅም መልስ የለኝም። ጽሕፈት ክፍል ውስጥ፣ በእጅ፣ ረቂቁ እየታየ ሲሠራ ጥያቄው በአብዛኛው ይፈታል። ቤት ተሠርቶ፣ አንድ ጊዜ ታርሞ የሚመለሰው የቀድሞው ድርሰት ነው ለማሽኑ የተመቸው።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከላይ እስከ ታች የምርጫ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን የተበታተኑ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል ከማስመረጥ አልፎ አንዲት አንቀጽ ጻፍ አይልም። ተማሪውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን ከተጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ወላጅም ርእሰ መምህርም የወረዳ ኃላፊም የሚያዩት ይህን ቁጥር ነው። በዚህ ጭንቀት ውስጥ መምህሩ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለረቂቅ ሲሰጥ "ጊዜ ታባክናለህ፣ ወርክ ሺት ሥራ" ቢባል ምን ይመልሳል?

በማንበብና በመጻፍ የዳበረ ተማሪ የምርጫ ጥያቄውንም የተሻለ ይረዳል የሚል መልስ አለ፤ እኔም አምንበታለሁ። ለተጨነቀ መምህር ግን ይህ ብቻ አይበቃውም። ፈተናው ራሱ መጻፍን ቢጠይቅስ? ኬንያ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በቆየው የአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ የእንግሊዝኛ ድርሰትና የስዋሂሊ ኢንሻ ለየብቻ ታስጽፍ ነበር። እዚያም ያጌጡ አባባሎችን ሸምድዶ የመለጠፍ በሽታ እንደነበረ መምህራኑ ይናገራሉ፤ ቢሆንም በየትምህርት ቤቱ ልጆች ይጽፉ ነበር፣ ምክንያቱም ይጠየቁበት ነበር። የኛ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በግማሽ ሚሊዮን የሚቆጠር የ12ኛ ክፍል ድርሰት በአንድ ክረምት ያርም ማለት ዛሬ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከታች መጀመር ግን ይቻላል። የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ በ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የአማርኛ ወረቀት ላይ ስምንት መስመር የምትሞላ አንድ አንቀጽ ቢጨምር፣ እርማቷን በየጉድኝቱ መምህራን የሌላ ጉድኝት ወረቀት ይዘው አብረው ቢሠሩት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ውጤቷ ለማለፊያ ባይቆጠርና ለትምህርት ቤቱ ብቻ ተመልሶ ቢሰጠው፣ የእርማቱ ቀናትም ከ60ው የተሙማ ሰዓት ቢታሰቡ፣ ተጨማሪ የሚጠይቀው የመምህራኑን አበልና የትራንስፖርት ወጪ ነው።